የጨንቻው ቤት ይፍረስ ወይስ ይጠገን?

ልብስ ሲቀደድ ይጣፋል፤ ድስት ሲበሳ ይበየዳል፤ የልጅ ጫማ አፉን ሲከፍት ጫማ ሰፊ ዘንድ ይላካል። እኛ እናቶች ደመወዙን ከወር እስከ ወር የምናደርሰው በዚህ ዘዴ መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቤት ሲያረጅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው ቃል «ይፍረስ» የሚለው ነው። ጣሪያው ስላፈሰሰ ይፍረስ፤ ግድግዳው ስላዘመመ ይፍረስ፤ ጎረቤት በብሎኬት ስለሠራ የእኛም ይፍረስ። ቤቱን ጠርጋና ለቅልቃ ለዓመታት ያኖረችው ሴት ይህ ቃል ሲነገር ብዙውን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ቡና እየቆላች ነው፤ የሚጠይቃት የለም።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እናቴ ቤት ነው። ቤቱ የሚገኘው በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ከተማ መካከል፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኛ ሦስት ልጆቿ ይፍረስ ወይስ ይጠገን በሚል ለሁለት ተከፍለን ከረምን። ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናንተን ባላደከምኩ ነበር። ዳሩ ግን በየትንንሽ ከተማው የወላጆቻችን ቤት አርጅቶ ቆሞ፣ እኛ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ርቀን የምንኖር ስንት ነን!

ጨንቻን ላላያችኋት ላስተዋውቃችሁ። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በመሆኑም ከሲቀላ በስስ ነጠላ የተነሣ ሰው ዳገቱን ሲጨርስ ጋቢ ያስፈልገዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አባያና ጫሞ ሐይቆች ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ሙዙና ማንጎው ያልቅና እንሰቱ፣ ቀርከሃውና ገብሱ ይጀምራል። ዛሬ ጨንቻ በአፕል ፍሬዋ ትታወቃለች። ከዚያ በፊት ግን በሌላ ነገር ትታወቅ ነበር፤ ይኸውም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ መሆኗ ነው። በ1950ዎቹ ደጃዝማች አዕምሮ ሥላሴ አበበ የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ በነበሩበት ጊዜ መቀመጫው ወደ አዲሲቱ ከተማ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ።

አስተዳደር ከአንድ ከተማ ሲነሣ ማኅተሙና መዝገቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ጸሐፊው፣ ዳኛው፣ ከእነርሱም ጋር ጠላ ሻጯና ልብስ ሰፊው ይሄዳሉ። ቤቱ ግን እግር የለውምና ይቀራል። አባቴ ለሸማኔዎች ድርና ማግ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ሸማኔው በደጋ ስለሚኖር እርሳቸው ከሚወርዱት ጋር አልወረዱም። እንዲያውም ወደ አርባ ምንጭ ከተዛወሩ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ቤቱን ገዙ። እናቴ በ1959 ዓ.ም. ሙሽራ ሆና የገባችው በዚያ ቤት ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ሲዞሩም ሌላ ቤት ስላልነበረን ለመኖሪያ ቀረልን።

ቤቱ ቤተ መንግሥት አይምሰላችሁ። አራት ክፍል ያለው፣ በጥድ ቋሚና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ አለው፤ የበረንዳውን ግርግም ያበጀው አናጢ የሥራ ፍቅር እንደነበረው ያስታውቃል። የፊተኛዋ ክፍል የአባቴ ሱቅ ነበረች። አባቴ ካረፉ በኋላም እናቴ በገበያ ቀን በሯን ከፍታ ጥጥና ማግ ትሸጣለች፤ ከጨንቻ አካባቢ የሚመጡ ፈታዮችም እዚያው አረፍ ብለው ቡና ይጠጣሉ። እናቴ ዘንድሮ 76 ዓመቷ ነው።

ወንድሞቼ ይፍረስ ያሉት በክፋት አለመሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ታላቁ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ታናሹ እንደ እኔ አርባ ምንጭ ነው። ምክንያታቸው ደግሞ ቀላል አልነበረም። የቋሚዎቹን እግር ምስጥ በልቶታል። በስተምዕራብ ያለው ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል። ክረምት ሲሆን እናቴ በሦስት ቦታ ሳፋ ትደቅናለች። «አንድ ሌሊት ቢወድቅባትስ?» ሲል ታላቄ የጠየቀው ጥያቄ እኔንም እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ሐሳባቸው ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ሁለት ሱቅ መሥራትና ማከራየት፣ እናታችንን ደግሞ ወደ ሲቀላ አምጥቶ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ማኖር ነበር። ኪራዩ ለመድኃኒቷና ለልብሷ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲጻፍ የሚጎድለው ነገር የለም።

የጎደለው የእርሷ ቃል ነበር። እኔ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፣ እዚህ በር ከፋች እኔ ነኝ። እዚያ በር የሚከፈትልኝ እሆናለሁ።»

ይህን አባባል በቢሮ ላሉ ጓደኞቼ ብነግራቸው አንዷ እንባዋ መጣ፤ ሌላዋ ግን «እናቶች እኮ ሁልጊዜ እንደዚያ ይላሉ፤ ከመጡ በኋላ ይለምዱታል» አለችኝ። እውነት ነው፣ የሚለምዱ አሉ። ሆኖም ልብ በሉልኝ፤ እናቴ በጨንቻ ጎረቤትና ዕድርተኛ፣ ነጋዴም የምክር ሰውም ናት። በሲቀላ አያት ብቻ ትሆናለች። አያትነት ትልቅ ማዕረግ ነው፤ ግን ከአምስት ሥራ አራቱን አስጥሎ አንዱን መስጠት ማሳረፍ ነው ወይስ መሻር? ደግሞስ ቤቱ ከአባታችን ጋር ሆና ያፈራችው ሀብት ነው። ካርታው በአባታችን ስም መሆኑ ግማሹ የእርሷ መሆኑን አያስቀርም። እኛ ልጆች ግን በስልክ ስንመክር በእርሷ ቤት ላይ ሳይሆን ባለቤት በሌለው ቦታ ላይ የምንመክር እንመስል ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን መፍረስ እንደሌለበት ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚቆም አይናገርም። ምስጥ የበላው እንጨት በእናት ፍቅር አይደገፍም። መልሱን ያገኘሁት በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ጨንቻ ስወጣ በማልፍበት በዶርዜ ነው።

የዶርዜን ቤት በፎቶግራፍ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቀርከሃ እንደ ስፌት ተሸርቦ፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ የሚከደን ረጅም ቤት ነው። ከፊቱ እንደ አፍንጫ ወጣ ያለ መግቢያ ስላለው ብዙዎች በዝሆን ይመስሉታል። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል። እንግዲህ ጎብኚው ቁመቱን አይቶ ያደንቅና ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እኔን የገረመኝ ግን ቁመቱ ሳይሆን ማጠሩ ነው። ምስጥ ከታች እየበላ ሲመጣ የቤቱ እግር በየጊዜው ያልቃል፤ ቤቱም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። አዲሱ ረጅም ነው፤ አሮጌው አጭር ነው። ሰፈር ውስጥ ስትዘዋወሩ የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ትችላላችሁ። እንዲህም ሆኖ ለብዙ አሥር ዓመታት ሰው ይኖርበታል።

ምስጡ ያለበትን ቦታ አጥብቆ ከያዘው ደግሞ ሌላ መላ አለ። የተበላው የታችኛው ጠርዝ እንደገና ተሸርቦ ይታሰራል፤ ሰዎች ተጠራርተው ቤቱን ከነጣሪያው በእንጨት ያነሡትና ወደ ሌላ ቦታ ተሸክመውት ይሄዳሉ። ውድ አንባቢዎቼ፣ እስቲ አስቡት! ቤት ተነሥቶ ሲሄድ። እኛ የከተማ ሰዎች አንድ ቁም ሣጥን ከክፍል ወደ ክፍል ለማዛወር ስንት ቀን እንነታረካለን።

የቀርከሃ ሥራ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። ቀርከሃ ሁሉ ለቤት አይሆንም አሉኝ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል፤ የበሰለው ተመርጦ ነው የሚቆረጠው። ሲሰነጠቅና ሲሸረብም ልክ አለው። በመጨረሻ ስለ ምስጥ ስጠይቃቸው ሣቅ አሉ። ምስጥን ጨርሶ የማያስበላ ቤት ለመሥራት ሐሳቡም የላቸውም። ቤቱ ሲሠራ ገና እንደሚበላ ይታወቃል፤ ስለዚህ የሚቆረጥ ነገር ኖሮት ረጅም ሆኖ ይሠራል። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። እኛ ቤት ስንሠራ ለዘለዓለም እንደሚቆም አድርገን እንሠራና፣ መጀመሪያ እግሩ ሲታመም ሙሉውን እንቀብረዋለን።

ነገር ግን ስለ ዶርዜ ቤት ሳወራ አንድ ነገር መሸሸግ አልፈልግም፤ እርሱም ጭሱ ነው። የምድጃው ጭስ ክዳኑን ያደርቀዋል፣ ተባይን ያርቃል፤ ቤቱም ይበረክታል። እሳት የማይነድበት ቤት ፈጥኖ ይበሰብሳል። ይሁን እንጂ ያን ጭስ ቀን ከሌት የሚተነፍሱት እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉት ሕፃናት ናቸው። ዓይን ያለቅሳል፣ ደረት ይታመማል። የቤት ዕድሜ በሴት ሳንባ ይከፈል ማለት የሚገባ አይደለም። ስለዚህ «ባህላዊው ቤት እንዳለ ይጠበቅ» የሚሉ የከተማ ሰዎች አስቀድመው ምድጃው አጠገብ አንድ ቀን ቁጭ ቢሉ እላለሁ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የጭስ መውጫ ማስገባት ባህል ማጥፋት አይደለም። ክዳኑን አልፎ አልፎ ሆን ብሎ ማጠን ይቻላል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ውጭ ይሁኑ።

ወደ እናቴ ቤት ልመለስ። ወንድሞቼን «ከማፍረሳችን በፊት እግሩን ቆፍረን እንይ፤ የማይድን ከሆነ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ» አልኳቸው። በዚህ ተስማማን። ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያቆም አንድ የታወቁ አሮጌ አናጢ ይዘን ቆፈርን። ከውጭ ካሉት 22 ቋሚዎች 14ቱ ከጉልበት በታች ተበልተዋል። ከዚያ በላይ ግን ጥዱ አጥንት ነው! አናጢው በመሮአቸው ጀርባ መታ ሲያደርጉት ይጮኻል። ሥጋው ደኅና ሆኖ እግሩ ብቻ የታመመ ሰው ማለት ነው።

የሕመሙ መነሻ ደግሞ ምስጡ ብቻ አልነበረም። የመንገዱ ጠጠር በየጊዜው ሲደለደል መንገዱ ከፍ እያለ፣ የእኛ ግቢ ዝቅ እያለ ሄዷል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ዓመት የመንገዱ ጎርፍ የሚያርፈው በግድግዳችን ሥር ኖሯል። እርጥበቱ እንጨቱን አለሰለሰ፤ ምስጡ የለሰለሰውን በላ። በመጀመሪያ የሠራነው እንግዲህ ቤቱን ሳይሆን ቦዩን ነው። ከቤቱ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያውን ተቆፍሮ በድንጋይ ተነጠፈ፤ ውኃውም ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ እንዲሄድ ተደረገ። ጣሪያው ላይም አሸንዳ ተሰቀለ። ለጣሪያ ገንዘብ ያጣች እናት ብትኖር ቢያንስ በዚህ እንድትጀምር እመክራለሁ፤ አካፋና ጉልበት እንጂ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ቀጥሎ የቋሚዎቹ እግር መጣ። ጣሪያው በድጋፍ እንጨት ተያዘና የተበላው ክፍል በመጋዝ ተቆረጠ። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተገነባ፤ ቋሚውም በድንጋዩ ላይ አረፈ። ካጠረም አዲስ እንጨት ተገጣጥሞ ተቀጠለለት። አንድ ጊዜ ሦስት ቋሚ ብቻ፤ ሦስቱ ሳያልቁ አራተኛው አይነካም። ታናሽ ወንድሜ በዝግታው ተናዶ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲቆረጥ ቢጠይቅ አናጢው መጋዛቸውን አስቀመጡና ቡና ጠየቁ፤ መልሳቸው ይኸው ነበር።

የድንጋዩን መሠረት በጭቃ አንሸፍነው አሉን፤ ምክንያቱም ምስጥ ሲወጣ የጭቃ ዋሻውን እየሠራ ነው የሚሄደው። ድንጋዩ ገላጣ ከሆነ ዋሻው ከሩቁ ይታያል፤ እናቴም በመጥረጊያ ታፈርሰዋለች። ማገዶም ሆነ አሮጌ ሳንቃ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አይቀመጥ፤ ያ ለምስጥ መሰላል ነው።

ስለ ምርጊቱ ነገር ክርክር ተነሣ። አንድ ግንበኛ «ሲሚንቶ ለስኑት፣ አንዴ ትገላገላላችሁ» ሲል ወንድሞቼን ሊያሳምናቸው ተቃርቦ ነበር። ሲሚንቶ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲለሰን ለጊዜው ያምራል። ሆኖም ጭቃ እርጥበት ሲገባው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆማል። ሁለቱ አይስማሙም። በስንጥቁ የገባ ውኃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ በመጨረሻም ሲሚንቶው ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። ይህን ያስረዱን አናጢው ናቸው፤ ያሸነፈችው ግን እናቴ ናት። «ይህን ቤት ከስድሳ ዓመት ያላነሰ የለቀለቅሁት እኔ ነኝ፤ ቆዳውን እኔ አውቃለሁ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ከአርባ ምንጭ ሲሚንቶ ሊጭን የተነሣው መኪና ቀረ።

ጭቃው የሴቶች ሥራ ሆነ። የገብስ ጭድ ተደባልቆ፣ ተረግጦ፣ ውኃ እየጠጣ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ሽታው ለእንግዳ አይመችም፤ ነገር ግን የቦካ ጭቃ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነው፤ እስኪደርቅና እስኪሰነጠቅ ተጠበቀ። ሁለተኛው በተነፋ አፈር ስንጥቁን ሞላ። የመጨረሻው ልቅላቂ ነው። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዝዝ ነበር፤ ጎረቤቶቿ፣ የዕድር ጓደኞቿና የእኔ ሁለት ሴት ልጆች ሠሩ። ትልቋ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ጥፍሯን ቀለም ቀብታ መጥታ ማምሻውን ቀለሙንም ጥፍሩንም አላገኘችውም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ አያቷ ቤት ስታወራ «ግድግዳዬ» ነው የምትለው።

ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ ለብሎኬቱ ሥራ ከተጠየቅነው ግማሽ አይሞላም። ማድ ቤቱና የጣሪያው የኋላ ክፍል ግን ገና ናቸው። መጸዳጃ ቤት አዲስ ሠርተናል፤ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ አንድ መስኮትም ጨምረናል፤ እናቴ «ሌሊት የምወጣበት መንገድ ብርሃን ይኑረው» ብላ አምፖል አስገባች። አሮጌ ቤት ይጠገን ማለት አሮጊቷ እንደ ድሮ ትቸገር ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው ይህን የጠቀስኩት።

አሁን ከቤተሰቤ ወጣ ልበል። በጨንቻም ሆነ በሌሎች ከተሞች ከእናቴ ቤት የከፋ ዕጣ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ብዙ ናቸው። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም። ተከራይዋ ደግሞ «ነገ ውጡ ብባልስ?» በማለት አንዲት ቆርቆሮ ለመቀየር ትፈራለች። ስለዚህ ሁሉም ሲያየው ቤቱ ይወድቃል። በእኔ አስተያየት ተከራይዋ ያደረገችው ጥገና ተመዝግቦ ከኪራይዋ ቢታሰብላት፣ ብዙ ጣሪያ ሳያፈስ በቆየ ነበር።

በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ሕግም አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለቤቱ ቅርሱን እንዲንከባከብ ያዛል፤ ጥገናም ያለ ፈቃድ እንዲደረግ አይፈቅድም። ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን የሚችልበትን መንገድም ያስቀምጣል። ቤታችን ያልተመዘገበ ነውና ይህ አይመለከተንም። ግን ከእናንተ መካከል የአያቷ ቤት የተመዘገበላት ካለች በባህልና ቱሪዝም ቢሮ በር ሳታልፍ ምስማር አትምታ፤ የድጋፍ ጥያቄዋንም በጽሑፍ ታቅርብ።

ቤት የሚድነው ሰው ሲኖርበት መሆኑን ለማየት ወደ ሐረር መሄድ ይበቃል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት፤ በግንቡ ውስጥ ግን ሰው ምሳ ይበላል፣ ልጅ ይድራል። የሐረሪ ሴቶች ስፌቱን በግድግዳው ላይ በወግ በወጉ ደርድረው ቤቱን ያኖሩታል። ለእኛ የቅርብ ጎረቤት የሆነችው ኮንሶም በ2003 ዓ.ም. ስትመዘገብ ሰው ወጥቶ አልተቆለፈባትም፤ እርከኑ ይታረሳል፣ ሰፈሩም ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ክፉኛ ተቃጥሎ ነበር። ያን ቀን ያየው ሰው አለቀለት ብሎ ነበር፤ ታድሶ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ።

በጨንቻ መካከል ያሉት፣ በዋና ከተማነቷ ዘመን የቆሙት ቤቶችም አንዳንዶቹ እግራቸው ቢታከም ገና ብዙ ያገለግላሉ። ግን «ይጠበቁ» ብሎ መቆለፍ ገዳይ ነው፤ የተዘጋ ቤት ክረምትና በጋ ሳይሞላው ይሸታል፣ በሁለተኛው ዓመት ይፈርሳል። እኔ ብጠየቅ አንዱን ለሕፃናት ማቆያ አደርገው ነበር። በገበያ ቀን በብርድና በጭጋግ ልጅ አዝላ ከየቀበሌው የምትወጣ እናት ብዛቷን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሌላውን ለፈታዮች እሰጠው ነበር። ከሽሮ ሜዳ እስከ ጨንቻ ሸማኔው በስሙ ይታወቃል፤ ድሩን የምትፈትለው ሴት ግን ስሟም ቦታዋም የለም፤ የምትፈትለው በምድጃ ጥግ ነው። አንዲት ሙቅና ብርሃን ያለባት ክፍል ብታገኝ ለዓይኗም ለገበያዋም ይበጃታል።

በእኛም ቤት የቀረው ክርክር ይኸው የክፍል ክርክር ነው። ታላቅ ወንድሜ መጥቶ የተጠገነውን ቤት ሲያይ በረንዳው ላይ ብዙ ቆየ፤ ግርግሙን በእጁ ዳሰሰው፤ ከዚያ «የፊተኛዋ ክፍል ለስልክ ጥገና ሱቅ ጥሩ ኪራይ ታወጣለች» አለ። ነጋዴ የነበሩት አባታችን በእርሱ አፍ የተናገሩ መሰለኝ። እናቴ ክፍሏን ለፈታዮቹ ልትተዋት ትፈልጋለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ራሷ ማግ ትሸጥባታለች። ሐሳቧን ለመቀየር ለፋሲካ ሲመጣ እንደገና እንደሚሞክር ነግሮኛል። ይሞክር።

ለማድ ቤቱ የሚሆን ጥድ ከወዲሁ አግኝተናል። ከገበያው ወዲያ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ባለቤቱ ቋሚዎቹን ለማገዶ ሊሸጥ ነበር፤ አናጢው በመሮአቸው ጀርባ እየመቱ 9 መረጡ። አሁን በበረንዳችን ሥር፣ ከግድግዳው ራቅ ብለው፣ ከመሬት በድንጋይ ተነሥተው ተደርድረዋል። ኅዳር ሲመጣ እንጀምራለን።